ዛሬ እቁቡ ለማን ወጣ?

እኛ ሰፈር መርፌ የሚወጋበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ሕፃን ሆነ ሽማግሌ፣ ቶንሲል ሆነ ቁርጥማት፣ ድሬሰሩ ቤት የገባ ሰው ምንም ሳይጠየቅ ቀበቶውን ይፈታል፤ ሴት ከሆነች ቀሚሷን በጎን ሰብሰብ ታደርጋለች። ድሬሰሩ ዕድሜያቸውን በጦር ሠራዊት ሕክምና ያሳለፉ ጡረተኛ ነበሩ። ሰፈርተኛው «ዶክተር» ነው የሚላቸው፤ እሳቸውም አይደለሁም ብለው አያውቁም። የመስታወት ስሪንጃቸውን ክዳኑ በተጣመመ ድስት ቡታጋዝ ላይ ይቀቅሉታል። ውኃው ሲንተከተክ መስታወቱ ከድስቱ ጋር እየተጋጨ የሚያሰማው ቅጭልጭልታ እስከ አጥሩ ድረስ ይሰማል፤ እኛ ልጆቹም ዛሬ ተረኛው ማን እንደሆነ ለማየት በቆርቆሮው ቀዳዳ እንሻማለን። መቀመጫን ሁለት ጊዜ ቸብ ቸብ፣ ከዚያ ጥጥ፣ ከዚያ ጩኸት።

ስለዚህ በ1987 ዓ.ም.፣ የ14 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ውኃ ጠጥቼ አልረካ ስል፣ ሌሊቱን ሽንት ቤት ስመላለስ ሳድር፣ የደንብ ልብሴ ጉርድ በመርፌ ቁልፍ ካልተያዘ ከወገቤ አልቆም ሲል ሆስፒታል ተወሰድኩ። ሐኪሙ «ስኳር ነው፤ ከእንግዲህ በየቀኑ መርፌ ያስፈልጋታል» አሉ። እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችው ለምን እንደያዘኝ አልነበረም።

«በየቀኑ? በየትኛው መቀመጫዋ?»

ሐኪሙ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። መሳቃቸውን ለመደበቅ ይመስለኛል። ከዚያ «ይህንን ሲስተር ታስረዳችኋለች» ብለው ኮሪደሩ መጨረሻ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ሰደዱን።

ሲስተርን በስሟ ጠርቻት አላውቅም። ያኔ ትልቅ ሰው ትመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳሰላው ሠላሳም አልሞላትም። ነጭ ጋውኗ ኪስ ላይ ሰማያዊ እስክሪብቶ ይሰካል፤ የኪሱ ጠርዝ ሁልጊዜ በቀለሙ እንደተበከለ ነው። አልጋው ላይ አስቀመጠችኝና ሸሚዜን ከፍ እንዳደርግ ነገረችኝ። ከዚያ እስክሪብቶዋን አውጥታ ሆዴ ላይ መጻፍ ጀመረች። በእውነት ነው የምላችሁ። ከእምብርቴ ግራና ቀኝ፣ አንዱ ከሌላው በአንድ ጣት ተራርቆ፣ ነጠብጣብ ደረደረችብኝ። ቀዝቃዛው ጫፍ ሲኮረኩረኝ ሆዴን ወደ ውስጥ እስባለሁ፤ እሷ ደግሞ «ልቀቂው፣ ልቀቂው፣ መስመሬን አበላሸሽብኝ» ትላለች። «እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህ። እምብርትሽን ግን ሁለት ሦስት ጣት ራቂው።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ሆዷ ላይ? ውሻ ሳይነክሳት?»

የእማዬን ድንጋጤ ለመረዳት ሰፈራችንን ማወቅ ይጠይቃል። ቤታችን ከፓስተር ብዙም አይርቅም። ተቋሙ ስሙን ሲቀያይር ኖሮ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል፤ አዲስ አበቤ ግን ቦታውን እስከ ዛሬ ፓስተር እንዳለው ነው። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው የሚሮጠው ወደዚያ ነበር። የዚያን ዘመኑ ክትባት ከእንስሳ አንጎል የሚዘጋጅ ሲሆን፣ በተከታታይ ቀናት ሆድ ላይ ይወጋ ነበር። በሰፈራችን ሴቶች ዘንድ «የሆድ መርፌ» ከተባለ ሌላ ትርጉም አልነበረውም። የተነከሰ ሰው ባለፈ ቁጥር ከንፈር ይመጠጥለታል።

እኔም ሆዴ ላይ እንደምወጋ ወሬው በሰፈር ሲሰማ፣ ማንም ምንም ሳይጠይቅ የባለሱቁ ውሻ በሰንሰለት ታሰረ። ምስኪን ፍጡር! ዕድሜ ልኩን ከማዛጋት በቀር ማንንም ነክሶ አያውቅም። እማዬ ሱቅ ድረስ ሄዳ «ልጄን የያዛት ስኳር ነው» ብትል ባለሱቁ አላመኗትም፤ ለውሻቸው ስትል ነገር የምታበርድ መሰላቸው። በኋላ ነገሩ ሲገባቸው ግን በጣም አዘኑና፣ ፍሪጅ እንደሌለን ሲሰሙ የኔን ብልቃጥ የሱቃቸው ፍሪጅ ውስጥ እንድናስቀምጥ ፈቀዱልን። ኢንሱሊኔ ለብዙ ጊዜ በሚሪንዳና በኮካ ጠርሙሶች መሐል ተቀምጣ ኖረች። ጠዋት ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት በመስኮት ያቀብሉኛል። ደንበኛ ሚሪንዳ ሊያነሳ እጁን ሲሰድድ «ያቺን እንዳትነካ!» ብለው ሲጮሁ እሰማቸው ነበር። ውሻውም ተፈታ።

ሲስተር ወደጀመረችው ነገር ልመለስ። መቀመጫን አልከለከለችም። የላይኛው የውጪ ጎን እንደሚሆን በእጇ አሳየችን። ነገር ግን ዞሬ ማየት ስለማልችል የሰው እጅ ጥገኛ እሆናለሁ፤ እሷ የምትፈልገው ደግሞ ራሴን እንድወጋ ነው። ዶክተራችን ይወጉት የነበረው ጡንቻ ውስጥ ነው፤ ኢንሱሊን ግን ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ውስጥ እንጂ ጡንቻ ውስጥ እንዲገባ አይፈለግም። ጡንቻ ውስጥ ከገባ ቶሎ ይሠራጭና ስኳሩን ሳይታሰብ ይጥለዋል። ለዚህ ነው ቆዳዬን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ቆንጥጬ እንዳነሳ ያስተማረችኝ። የዚያን ጊዜው መርፌ ከዛሬው ይረዝማል፤ እኔ ደግሞ ከስታብኝ ከተባለ ወራት ያለፈኝ ከሲታ ነበርኩ። የምቆነጥጠው ነገር እስካገኝ ድረስ ሆዴን መፈለግ ነበረብኝ።

ከዚያ ቀጥላ፣ እስከ ዛሬ በድምፅዋ የማስታውሰውን ነገረችኝ፦ «ሆድ ይቸኩላል፤ ክንድ ይከተላል፤ ጭንና መቀመጫ አይቸኩሉም።» ያው ኢንሱሊን ነው፤ መጠኑም ያው ነው፤ የተወጋበት ቦታ ሲለወጥ ግን ወደ ደም የሚገባበት ፍጥነት ይለወጣል። ይህን ስትለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ በሽታዬ መፍራት ትቼ ገረመኝ። የገዛ ገላዬ ቦታ ቦታው የየራሱ ጠባይ እንዳለው ማን ያውቅ ነበር?

ዶክተራችን ይህን ሁሉ ሲሰሙ ቅር አላቸው። «መርፌ በሆድ! ተምረን የለ እንዴ?» ይሉ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ የኢንሱሊንን ታሪክ ሳነብ ግን ምርጫቸው የሚያሳፍር እንዳልነበረ አወቅሁ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 1922 ቶሮንቶ ሆስፒታል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እነ ባንቲንግና ቤስት ያዘጋጁት ፈሳሽ የተወጋው ሊዮናርድ ቶምሰን የሚባል ልጅ፣ ልክ እንደኔ የ14 ዓመት ልጅ፣ የተወጋው መቀመጫው ላይ ነው። ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ በቀኝ ግማሹ በግራ። ፈሳሹ ያልጠራ ስለነበር አንደኛው ቦታ ላይ መግል ቋጠረ፤ ስኳሩም እንደታሰበው አልወረደም። ኮሊፕ የሚባለው የኬሚስትሪ ሰው መድኃኒቱን አጣርቶ ጃንዋሪ 23 ሲወጋ ነው ልጁ ዳን ያለው። ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖሯል። ያን ሳነብ በጣም ያሳዘነኝ የመድኃኒቱ ጉድለት ሳይሆን ያ የቆሰለ መቀመጫ ነው። ተቀምጦ ይሆን? ተኝቶ ይሆን? በየትኛው ጎኑ? መርፌ ለምዶ የማያውቅ ሰው ይህን አይጠይቅም መሰለኝ።

ልምምዱ በብርቱካን ተጀመረ። ስሪንጁ ውስጥ ውኃ እየሳብኩ ብርቱካኑን ስወጋ፣ ስወጋ፣ እማዬ ከጎን ቆማ ታያለች። በመጨረሻ «ብርቱካን አይጮኽም» አለች። ከዚያ ሲስተርን አዲስ መርፌ ለምና ቀሚሷን ከጉልበቷ በላይ ሰበሰበችና፣ ከጭኗ ውጪ ጎን ሥጋዋን ቆንጥጣ፣ ምንም መድኃኒት በሌለው ደረቅ መርፌ ራሷን ወጋች። ፊቷ ላይ የነበረውን አልረሳውም፤ ሊመጣ ያለውን ሕመም እየጠበቀች አንድ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ሕመሙ ግን አልመጣም። ዓይኗን ገለጠች። «ይኼ ነው እንዴ?» አለች፤ ቅር ያላት እስክትመስል ድረስ። ከዚያ ወዲያ በእኔ ጩኸት የምትደነግጥ አልሆነችም። እኔም ለመጮኽ ምክንያት አጣሁ።

እማዬ የሰፈሩ ሴቶች እቁብ ጸሐፊ ነበረች። ማንበብና መጻፍ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስለዚህ ለጽሑፍ ያላት አክብሮት እኛ ከልጅነት ከተማርነው ይበልጣል። ፊደሏ ትልልቅ፣ በጣም ቀጥ ያለ፣ እያንዳንዱ ለብቻው የቆመ ነው። ሲስተር አንድን ቦታ ደጋግሞ መውጋት ክልክል መሆኑን ስትነግራት፣ ሳምንት ሳምንት ቦታ መለወጥ እንዳለብኝ፣ በሳምንቱ ውስጥም ከትናንቱ ነጥብ አንድ ጣት መራቅ እንዳለብኝ ስትዘረዝርላት፣ ራሷን ነቀነቀችና «ገባኝ፣ እቁብ ነው» አለች። አንዱ ሳይደርሰው ሌላው ሁለቴ አይበላም። በቃ።

እንዲህ ሆነና የእቁቡ ደብተር ከፊት የሴቶቹ ስም፣ ከኋላ ደግሞ የኔ ገላ የሚመዘገብበት ሆነ። «ቀኝ ሆድ። ግራ ሆድ። ቀኝ ጭን። ግራ ጭን። ቀኝ ክንድ። ግራ ክንድ።» ስድስት አባል። ሲስተር የሰጠችን ሥርዓት በቅደም ተከተል የሚሄድ ነበር፤ እማዬ ግን ዕጣ የሌለበት እቁብ እቁብ አይደለም ባይ ናት። እሑድ ማታ ወረቀቶቹን ጠቅልላ ስኒ ውስጥ ታንቀጫቅጫቸውና ታስወጣኛለች። ወንድሞቼ ከበው ይቆማሉ። «ዛሬ እቁቡ ለማን ወጣ?» የወጣለት ሳምንቱን ይበላል፤ ዙሩ እስኪያልቅ ተመልሶ ስኒ ውስጥ አይገባም። ትንሹ ወንድሜ ለግራ ጭን ይወግን ነበር፤ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅ። በወጣ ቁጥር ያጨበጭባል።

ሲስተር ይህንን ስትሰማ ሳቀች፤ ሳቋን ስትጨርስ ግን አንድ ነገር ጨመረችበት። መርፌውን ከመውጋቴ በፊት ሁልጊዜ «ዛሬ ምን ትሠሪያለሽ?» ብዬ ራሴን እንድጠይቅ። የሚሠራ ጡንቻ ደም ይስባል፤ ከአጠገቡ የተወጋ ኢንሱሊንም አብሮ ይፈጥናል። ክንዴ ላይ ተወግቼ ልብስ ሳጥብ ወይም ቡና ስወቅጥ ብውል፣ ጭኔ ላይ ተወግቼ ዳገት ብሮጥ፣ ስኳሬ ሳላስበው ሊወርድ ይችላል። ተማሪ ቤታችን ዳገት ላይ ነው። ስለዚህ ሳምንቱ የጭን ከሆነና የስፖርት ክፍለ ጊዜ ካለ፣ ለዚያች ቀን ሆድ ይተካል። እማዬ ለዚህም ስም ነበራት፦ «ግራ ጭን እቁቡን ለሆድ ሸጠ» ብላ ደብተሩ ላይ ትጽፋለች። ቅዳሜ የልብስ አጠባ ቀን በመሆኑ ክንዶቼ ቅዳሜን በልተው አያውቁም።

አንድ እሑድ ከእቁቡ ሴቶች አንዷ የደረሳትን ልታይ ደብተሩን በተቃራኒው ገለጠችው። ብዙ ዝም ብላ ካነበበች በኋላ እማዬን ቀና ብላ አይታ፣ «ይቺ ግራ ጭን ማናት? በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ የሸጠችው?» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሴትዮዋ ብቻ ነበረች ያልሳቀችው። ገንዘብ ነክ ነገር ላይ ቀልድ አትወድም።

ክትትል የምሄድበት ቀን ወረፋው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይጀምራል። ካርድ ክፍል ካርድ ወጥቶ፣ ሽንት ተሰጥቶ፣ ደም ተሰጥቶ፣ ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ መጠበቅ ነው። ከሆስፒታሉ የተማርኩትን ያህል ከዚያ አግዳሚ ወንበር ተምሬያለሁ። በተለይ ከአንድ ሰው። የአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ጠይም፣ ግዙፍ፣ ሲናገሩ የሞተር ድምፅ የሚያሸንፉ ይመስል የሚጮኹ። ኢንሱሊናቸውን አፋር በረሃ እንዳይቀቅልባቸው በፌስታል ቋጥረው ቀዝቃዛ ውኃ የያዘ ፔርሙስ ውስጥ ይይዙታል። ሲወጉ መኪናቸውን ዳር ያቆማሉ፤ ከዚያ እንደተቀመጡ፣ ሸሚዛቸውን ገለብ አድርገው፣ ሁልጊዜ ከእምብርታቸው ግራና ቀኝ ሁለት ቦታ ብቻ።

«ለምን እዚያ ብቻ ይወጉታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። የእቁብ ሥርዓት ያለው ሰው ኩራት ይዞኝ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ እዚያ አያመኝማ! ነይ ንኪው።»

ሸሚዛቸውን በወረፋተኛው ሁሉ ፊት ገለጡት። ከእምብርታቸው በግራም በቀኝም ጉልህ እብጠት ነበር። ነካሁት። ከሌላው ሆዳቸው ይልቅ ጠንከር ያለ፣ ከሥሩ የሆነ ነገር የጓጎለበት። ሹፌሩ ኮሩበት። መርፌው እዚያ ሲገባ እንደማይሰማቸው፣ ስኳራቸው ግን እልኸኛ ሆኖ ልኩን እያስጨመራቸው እንደሚሄድ ለሰሚው ሁሉ ያወራሉ። ሁለቱ ነገሮች አንድ መሆናቸውን የነገረቻቸው ሲስተር ናት። ሆዳቸውን በጣቶቿ እየዳበሰች፣ የጠነከረው ከየት ጀምሮ እስከ የት እንደሆነ በዚያችው ሰማያዊ እስክሪብቶ ከበበችው። «ጋሼ፣ እዚህ የማያመው ስቡ ስለወፈረና ስሜቱ ስለደከመ ነው። ኢንሱሊኑ እዚህ ገብቶ ይታሰራል። አንድ ቀን ይዘገያል፣ አንድ ቀን ሳይታሰብ ይለቀቃል።» ለወራት እንዳይነኩት፣ ወደ ጭን እንዲዞሩ አዘዘቻቸው። ሐኪሙም ልካቸውን ቀነሱላቸው፤ ደህናው ሥጋ መድኃኒቱን ሙሉውን ስለሚወስድ የቀድሞው መጠን ጭን ላይ ይበዛል። ሹፌሩ መጠኑ ስንት እንደሆነ ሲሰሙ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። «እስከ ዛሬ ታዲያ ግማሹን የት ስደፋው ነው የኖርኩት?»

በሚቀጥለው ቀጠሮ ስንገናኝ ጭናቸው ላይ መውጋት ጀምረዋል፤ ነገር ግን ሱሪያቸውን ሳያወልቁ፣ በጨርቁ ላይ። መኪና ውስጥ ሱሪ ማውረድ የሚያይ ሰው ምን ይላል? ሲስተር ይህንን ስትሰማ የተቆጣችውን ቁጣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁባትም። ሹፌሩ አንገታቸውን ደፍተው እንደ ተማሪ ቆሙ። ሲወጡ ግን ዓይናቸውን ጠቀሱኝ።

ክንድ ለኔ ረጅም ጊዜ የእማዬ ነበር። ሁለት እጅ የሚፈልግ ነገር ነው፤ አንዱ ካልቆነጠጠ ሌላው አይወጋም፤ የገዛ ክንድን ደግሞ በዚያው ክንድ መቆንጠጥ አይቻልም። የክንድ ሳምንት ሲወጣ እማዬ ከኋላዬ ትቆምና ሥጋዬን ያዝ አድርጋ ትወጋኛለች፤ እስከ አሥር ትቆጥርና ነው የምትነቅለው። ፈሳሹ ተመልሶ እንዳይወጣ እስከ አሥር መቁጠር የሲስተር ትእዛዝ ነው፤ እማዬ ግን የምትቆጥረው በጸሎት ዜማ ነው።

ክንዴን ከእማዬ የወሰድኩት የአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ ነው። ወሩ ጥር ነው፤ እኔ ሚዜ ነኝ። የሚዜዎቹ ቀሚስ ከጀርባ በዚፕ የሚዘጋ፣ ወገብ ላይ እስትንፋስ የማያስገባ፣ ከጉልበት በታች ደግሞ ለመራመድ የሚያስቸግር ጠባብ ነበር። ምሳ ሊቀርብ ሲል የመርፌ ሰዓቴ ደረሰ። ሆዴ የለም፤ ዚፑ ከተከፈተ ተመልሶ የሚዘጋው በሦስት ሰው ጉልበት ነው። ጭኔም የለም፤ ቀሚሱ ከጉልበት በላይ አልሰበሰብ አለ። የቀረኝ ክንዴ ነው፤ እሱ ደግሞ እጅጌ ስላልነበረው ባዶውን ነው። እማዬ ድንኳኑ ውስጥ የሙሽራውን ዘመዶች እያስተናገደች ነው።

አክስቴ እጄን ይዛ ከድንኳኑ ጀርባ፣ ሴቶች ወጥ ወደሚያማስሉበት ወሰደችኝ። ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ «ልጄን ማን ያያታል!» ብላ ጋረደችኝ። ነጠላ ደግሞ ነጠላ ነው፤ ከወዲያ ያለው ሁሉ ከወዲህ ይታያል። እኔ ከእንጨት ወንበር አጠገብ ቆሜ፣ ሲስተር አንድ ጊዜ ያሳየችኝን አስታወስኩ፦ ክንዴን ከወንበሩ መደገፊያ ጋር አስጠግቼ ሳስጫነው ከኋላ ያለው ሥጋ ራሱ ተሰብስቦ ወጣ። በሌላው እጄ ወጋሁት። ቀና ስል ማማሰያዎቹ ሁሉ ቆመዋል፤ ሴቶቹ በነጠላው አልፈው ዝም ብለው ያዩኛል።

ከመሐላቸው ሽንኩርት ስትከትፍ የነበረች አንዲት ሴትዮ እጇን በሽርጧ ጠርጋ መጣች። ጠጋ ብላ፣ አክስቴም እንዳትሰማት በሹክሹክታ፣ «ክንድ ላይ ይቻላል እንዴ?» አለችኝ። እሷም ትወጋ ኖሯል። ልጆቿ እንጂ ጎረቤት አያውቅባትም። ለዓመታት ከጭኗ ሌላ ነክታ አታውቅም፤ ከቀሚሷ ሥር እጇን ሰድዳ ማንም ሳያያት የምትወጋው እሱን ብቻ ስለሆነ። የወንበሩን ዘዴ ደግሜ አሳየኋት። ሽንኩርት የሸተተ እጇን ወንበሩ ላይ አድርጋ ሞከረችው፤ ሁለተኛም ሞከረችው። ከዚያ ስለ ሆድ ጠየቀችኝ። ስለ እብጠት ጠየቀችኝ። ሹፌሩን እያሰብኩ መለስኩላት። አክስቴ ነጠላዋን እንደዘረጋች እጇ ዝሎ «አልጨረሳችሁም እንዴ?» እስክትል ድረስ አወራን።

አሁን መርፌው አጥሯል። የኢንሱሊን ብዕር በሚባለው ጫፍ ላይ የምትገጠመው መርፌ 4 ሚሊ ሜትር ትሆናለች፤ አብዛኛው ሰው ቆዳውን መቆንጠጥ እንኳ አያስፈልገውም። አዳዲሶቹ ኢንሱሊኖችም በሆድና በጭን መካከል እንደ ድሮዎቹ ያን ያህል ልዩነት አያሳዩም። ሲስተር የነገረችኝ የመቸኮልና ያለመቸኮል ነገር ለነዚህ ብዙ አይሠራም። እብጠቱ ግን ዛሬም ያው ነው፤ አንድ ቦታ የወደደ ሰው ዛሬም ያብጣል።

ያቺ ሙሽራ የአጎቴ ልጅ አሁን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ባለፈው ዓመት እሷም ስኳር አለብሽ ተባለች፤ ዓይነቱ ከኔ ይለያል። ሐኪሟ ያዘዙላት በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጋውን ኦዜምፒክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 እዚያ ለስኳር የተፈቀደውና ክብደትም በመቀነሱ ዓለም ያወቀው መድኃኒት። የመጀመሪያዋን ብዕር ይዛ በቪዲዮ ደወለችልኝ። እዚያ ማታ ነው፤ እኔ ጋ ሊነጋ ነው።

«የት ልውጋው?»

«ዛሬ ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት፤ አፌ ለምዶት ነው። ከዚያ የእሷ መድኃኒት ቀስ ብሎ ሳምንቱን ሙሉ የሚሠራ በመሆኑ ልብስ ብታጥብም ብትሮጥም ግድ እንደሌለው፣ ሆድ፣ ጭን ወይም ክንድ የፈለገችውን እንድትመርጥ፣ በሳምንቱ ግን ቦታውን እንድትለውጥ ነገርኳት። አልረካችም። የሆነ ነገር ይዛለች፤ ስታፍር አውቃታለሁ።

«እሱስ ይሁን። እኔ የምልሽ... ሆዴ ላይ ከወጋሁት፣ ሆዴ ቀድሞ ይቀንሳል?»

መድኃኒቱ የትም ቢወጋ በደም ዞሮ አንጎልንና ጨጓራን እንደሚያገኝ፣ የተወጋበትን ቦታ ለይቶ እንደማያከሳ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ሳቄ ግን አላስጨርስ አለኝ። የሥራ ጓደኛዋ ናት እንዲህ ያለቻት። ጓደኛዋ ሦስት ወር ሙሉ ከሆዷ በቀር የትም ወግታ አታውቅም፤ ዳሌዋ ግን ቀደመ።

«አይቀንስም?»

«አይቀንስም።»

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቁማ ቀሚሷን ከጉልበቷ በላይ ሰበሰበች። «እንግዲያስ ምን ያለፋኛል ሆዴን! ቆንጥጬ አልጨርሰውም» አለች፤ «ጭን ነዋ!»